ጆንያው ተራ ይይዛል

ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ ጉዳይ ያለው ሰው እንኳ ጉዳዩን ለአሥር ሰዓት ያቆየዋል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰው ይጋደማል። አጎቴን ግን የቀን እንቅልፍ አይወስደውም። ሠላሳ ዓመት በወፍጮ ጩኸት ውስጥ ስለኖረ ጸጥ ሲል ይነቃል። ሳቢያን ያለው ግቢው ውስጥ፣ ኒሙ ሥር ወንበሩን አውጥቶ ሬዲዮ ይሰማል፤ እኔም የሚያናድደኝ ነገር ሲኖር ወደዚያ እሄዳለሁ።

«ጋሼ» እለዋለሁ፣ ወዲያው ደግሞ «አንተ» እለዋለሁ። የአዲስ አበባ እንግዳ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲገባ ብዙ ነገር ይዞላት መጥቷል፤ አንቱታን ግን መንገድ ላይ ጥሎት ሳይመጣ አልቀረም።

አጎቴ፦ ምነው? ፊትሽ የመብራት ቢል የመጣበት ሰው ፊት መሰለ።

እኔ፦ ከልጆቹ ጋር ተጣላን። በስልክ።

አጎቴ፦ በስልክ ምን ተባባላችሁ?

እኔ፦ ምንም አልተባባልንም። ያጣላን ስልኩ ራሱ ነው። አራት ሆነን የአማርኛ መጻፊያ ኪቦርድ እንደምንሠራ ታውቃለህ። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ያርመዋል፣ ማንም አይከፍለንም። ለመሞከሪያ ሦስት አሮጌ ስልክና አንዲት ቦርድ አሉን። ቦርዷ ራስበሪ ፓይ ትባላለች፤ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ናት። ከስልኮቹ ትንሿን፣ ራሟ አንድ ጊጋ ብቻ የሆነችውን፣ አንዱ ልጅ ወሰዳትና ሦስት ሳምንት ያዛት። ስጠይቀው «ሥራዬን አልጨረስኩም» ይለኛል። ዛሬ ቤቱ ሄጄ ሳያት መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች። ባትሪዋ አልቆ!

አጎቴ፦ የራሳችሁ ስልክ የለም? አንቺ ሁለት ይዘሽ ነው የምትዞሪው።

እኔ፦ እኛ ስልክ ላይማ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ችግሩ እሱ ነው። ታይዋን ገበያ ሄደህ ሰው በእጁ የያዘውን ስልክ እይ። የእኔ ላይ እንደ ውሃ የሚፈሰው ኪቦርድ እዚያ ላይ አንድ ፊደል ነክተህ ሁለተኛው እስኪመጣ ሻይህን ትጨርሳለህ። በጣም ያረጀው ላይ ደግሞ ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ትንሿ ስልክ ከሁሉ የከበረች ናት። የምትፈለገው ደካማ ስለሆነች ነው።

አጎቴ፦ ይገርማል። እኔ ቤት ደካማውን ወፍጮ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ብቻ ይሄ ነገር ደቦ ነው በይኛ።

እኔ፦ ደቦ ነው። ግን ደቦ ላይ ሁሉም የየራሱን ማጭድ ይዞ ይመጣል። እዚህ አጫጁ ብዙ ነው፣ ማጭዱ ጥቂት። የእኛን ተወው፤ በዓለም ደረጃም እንደዚሁ ነው።

አጎቴ፦ ተራ አልነበራችሁም?

እኔ፦ ነበረን። ሕጋችን «የወሰደ እስኪጨርስ ይያዝ» ነው።

አጎቴ፦ ይሄማ ተራ አይደለም አቦ! ቀድሞ የተነሣ የወሰደው ነው። እስኪ ንገሪኝ፣ ወፍጮ ቤት ተራ የሚይዘው ማን ነው?

እኔ፦ ሰው።

አጎቴ፦ ጆንያው! ሴትየዋ ማሽላዋን ታመጣለች፣ ጆንያዋን ከመጨረሻው ኋላ ታስቀምጥና ቀፊራ ገበያዋን ትሄዳለች። ጆንያው እየተገፋ ይቀርባል። ተራዋ ሲደርስ ባትኖር እኔ እፈጭላታለሁ፤ ዱቄቱን አስሬ ጥግ አስይዘዋለሁ። እሷ እዚያ ቆማ ምን ትሠራለች? የሚፈጨው እህሉ ነው። አንዳንድ ብልጥ ደግሞ ነበር፤ ባዶ ጆንያ አምጥቶ ይደረድራል። «እህሉ የታል?» ስትይው «ልጁ እያመጣው ነው» ይልሻል። እሱን በር ላይ እወረውርለት ነበር። ባዶ ጆንያ ተራ አይዝም።

(ይህን ሲል እጁን አወናጨፈ። ወፍጮውን ከሸጠ ዓመታት ቢያልፉም ለዚያ ጆንያ ያለው ቂም ገና ትኩስ ነው።)

እኔ፦ በእኛም ሁለቱም ዓይነት አለ፤ ሰው የሚቆምበትም፣ ጆንያው የሚቆምበትም። አንደኛው ማሽኑ ውስጥ ገብተህ የምትቀመጥበት ነው። እዚህ ሳቢያን ሆነህ ባሕር ማዶ ያለ ማሽን ውስጥ ትገባለህ፣ እየጻፍክ እየሞከርክ ትውላለህ። የጂሲሲ ኮምፓይል ፋርም የሚባል አለ፤ ሰዎችና ድርጅቶች የለገሷቸው ዓይነታቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ማሽኖች ስብስብ ነው፤ ለነፃ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ከጠየቀ አካውንት ይሰጡታል። ሁለተኛው ሥራህን አስረክበህ የምትሄድበት ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት፣ ከርነሉን፣ የሚሠሩ ሰዎች ላቫ በሚባል ሥርዓት ይጠቀማሉ። ቦርዶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረዋል፤ አንተ ሥራህን ትልካለህ፣ ተራህ ሲደርስ ቦርዱ በራሱ ይበራል፣ ሙከራው ይሄዳል፣ ውጤቱ ይመጣልሃል፣ ቦርዱ ለቀጣዩ ይለቀቃል። ያንተው ጆንያ ማለት ነው።

አጎቴ፦ ታዲያ ሁሉም ለምን እንደሱ አይሆንም?

እኔ፦ አንዳንድ ስህተት ዱቄቱ ሲወርድ እጅህን አስገብተህ ካልዳሰስከው አይገኝም። ትሞክራለህ፣ ታያለህ፣ ትቀይራለህ፣ እንደገና ትሞክራለህ። ይህን ሁሉ በመላላክ ልሥራው ብትል ሳምንት ይፈጅብሃል።

አጎቴ፦ እሱስ አለ። ለሕፃን ገንፎ የምታስፈጭ እናት አጠገቤ ካልቆመች አታምንም። ልሟል፣ አልላመም እያለች። አንድም ቀን ከልክዬ አላውቅም። ግን የያዘችው አንድ ቁና ነው፤ አምስት ደቂቃ ብትቆም ነው።

እኔ፦ አየህ፣ እኛ ያጣነው ይህን ልዩነት ነው። ልጁ ስልኳን የወሰደው እንደ እናትየዋ ሊቆም ነበር፤ ከዚያ ሄደና ቦታውን ይዞ ቀረ።

አጎቴ፦ እኔ ያልገባኝ ባሕር ማዶ ያለው ማሽን ነው። እዚህ ኮምፒውተር ጠፍቶ ነው?

እኔ፦ ኮምፒውተር ሁሉ ቁጥርን በአንድ መንገድ አያስቀምጥም። ቆይ በፊደል ላሳይህ። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል፤ የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ በዩኒኮድ 3.0። የ«ሀ» ቁጥር 1200 ነው፣ የ«ለ» 1208፤ ኮምፒውተር በሚወደው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር። ማሽኑ ይህን ቁጥር ሲያስቀምጥ ለሁለት ይከፍለዋል፤ 12 ለብቻ፣ 00 ለብቻ። አንዳንዱ ማሽን 12ን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ 00ን። የእኔ ላፕቶፕም ያንተ ስልክም ትንሹን ጫፍ ያስቀድማሉ። ኤስ390ኤክስ የሚባሉት የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ደግሞ ትልቁን። እኔ ኮዴን ስጽፍ ይህን ከረሳሁ እዚያ ሲደርስ ተገልብጦ ይነበባል። «ሀ» 0012 ትሆናለች፤ ያ የማይታይ የማሽን ትእዛዝ ነው፣ ፊደሏ ጠፋች ማለት ነው። «ለ» ደግሞ 0812 ትሆናለች።

አጎቴ፦ እሱስ ምንድን ነው?

እኔ፦ የሳምራውያን ፊደል።

አጎቴ፦ የወንጌሉ? የጉድጓዷ ሴት ወገኖች?

እኔ፦ እነሱው።

አጎቴ፦ (ሳቀ፤ ሬዲዮውን ቀነሰው።) «ለ» ብዬ ጽፌ ሳምራዊ ይወጣልኛል?

እኔ፦ ይወጣልሃል። እኔ ደግሞ ይህን ስህተት ላፕቶፔ ላይ ሺህ ጊዜ ብሞክር አላየውም፤ ምክንያቱም ጻፊውም አንባቢውም አንድ ዓይነት ነው፣ አብረው ይሳሳታሉ። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ለዚህ ሲል ከየማሽኑ ዓይነት ለሠራተኞቹ መሞከሪያ ያስቀምጣል፤ ፖርተርቦክስ ይሏቸዋል። አባል ያልሆነም ምክንያቱን ጽፎ ቢጠይቅ የሚያበቃበት ቀን ያለው የእንግዳ አካውንት ሊያገኝ ይችላል።

አጎቴ፦ እንግዳ ቀኑን ሲያውቅ ጥሩ ነው። ያ ማሽን ባይገኝስ? ሌላ መላ የለውም?

እኔ፦ ኬሙ የሚባል አስመሳይ ፕሮግራም አለ። ላፕቶፔ ውስጥ ሆኖ ያንን ትልቅ ማሽን መስሎ ይሠራል። በጣም ይንቀራፈፋል፤ ሆኖም የ«ሀ»ን ዓይነት ስህተት ያወጣዋል።

አጎቴ፦ እንግዲያው በሙቀጫ የሚያልቀውን ወፍጮ ቤት ምን ያመጣዋል? አንድ እፍኝ ቡና ይዞ የሚመጣ ሰውዬ ነበረኝ፤ ወፍጮዬ እሱን ለመፍጨት ቢነሣ ግማሹ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ሙቀጫ የለህም ወይ ስለው «ክንዴን ያመኛል» ይለኛል።

እኔ፦ እንደሱ የሚሉ እኛም አሉን። አስመሳዩን ማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይወስዳል ብለው እውነተኛው ላይ ይሰለፋሉ። እውነተኛው መያዝ ያለበት አስመሳዩ ለማያሳየው ነገር ነው፤ ለፍጥነት መለኪያ፣ ብረቱ ራሱ ላመጣው እንከን።

አጎቴ፦ የበርበሬውን ነገር እንዴት ታደርጋላችሁ?

እኔ፦ የምን በርበሬ?

አጎቴ፦ አንቺ ወፍጮ ቤት አድገሽ «የምን በርበሬ» ትይኛለሽ? በርበሬ በተፈጨበት ጤፍ ቢገባ እንጀራው ያቃጥላል። እኔ በርበሬን ሁልጊዜ ወደ ማታ ነው የማደርገው፤ ከዚያ ድንጋዩን እጠርጋለሁ፣ አንድ ሁለት ጣሳ ርካሽ እህል አሳልፋለሁ፣ ያንን ለዶሮ። መጥረጉ የእኔ ሥራ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አያውቅማ። ባለ ጤፉ ማልዶ መጥቶ እንጀራው ሲያቃጥለው በርበሬ ያስፈጨውን ጎረቤቱን አይጠረጥርም፤ ጤፉን ነው የሚያማው።

ይህ የጤፍ ነገር ካነሣናቸው ሁሉ ይበልጥ አስቆመኝ። ባለፈው ወር አንድ ስህተት ሁለት ሌሊት አንቅቶኛል፤ ኪቦርዳችን «ኋ»ን ስትነካው ይዘጋ ነበር። ኮዱን መስመር በመስመር ፈተሽኩት። በመጨረሻ ለካ ከእኔ በፊት ስልኩን የያዘው ልጅ የራሱን የሙከራ ፎንት ጭኖ ሳያጠፋው መልሶታል። ጤፉን ሳማ ከረምኩ።

እኔ፦ የዴቢያን ሰዎች ይህን ቀድመው አስበውበታል። ፖርተርቦክሱ ውስጥ ስትገባ ዋናውን ማሽን አትነካም፤ ለአንተ ብቻ የተከፈተ ንጹሕ ክፍል ይሰጥሃል። የፈለግከውን እዚያ ትጭናለህ፣ ስትጨርስ ክፍሉ ከነቆሻሻው ይፈርሳል። መዝጋቱ ግን የአንተ ኃላፊነት ነው፤ ሳይዘጉ የሚሄዱ ዲስኩን ይሞሉታል።

አጎቴ፦ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ድንጋይ! ሀብታም ናቸው።

እኔ፦ ድንጋዩ አንድ ነው፣ ልባሱ ነው አዲስ። በእኛ ስልክ ይህ አይሆንም፤ እንደ አዲስ መመለስ ግን ይቻላል፣ ሁሉን አጥፍቶ። አሥር ደቂቃ ነው። ማንም አያደርገውም።

አጎቴ፦ ነጋዴውንስ? አሥር ኩንታል ይዞ የሚመጣውን?

እኔ፦ እሱ ነው ትልቁ ጠብ። ኦፕንስታክ የሚባል ሰፊ ፕሮጀክት አለ፤ ብዙ ኩባንያ የሚሳተፍበት። እዚያ አንድም የኮድ ለውጥ ሳይሞከር አይገባም፤ ሙከራውን የሚያሰልፈው ዙል የሚባል ሥርዓት ነው። ማሽኖቹ የጋራ ናቸው። ከቡድኖቹ አንዱ ብዙ ማሽን ለረጅም ሰዓት የሚበላ ሙከራ ነበረው፤ አንዲት መስመር ያረመ ትንሽ ቡድን ከእነሱ ኋላ ተሰልፎ ሰዓታት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ሕጉን ለወጡት። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ሥራ ከሌላው ሁለተኛ ይቀድማል፣ ሁለተኛው ከሌላው ሦስተኛ። ነጋዴው አሥር ኩንታሉን አይከለከልም፤ ግን አንዱን ካስፈጨ በኋላ ባለ ቁናዋ ትገባለች።

አጎቴ፦ እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። ነጋዴው ይቆጣል፤ «እኔ ነኝ የማኖርህ» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱ ነበር የሚያኖረኝ። ግን ባለ ቁናዎቹ ተነሥተው ቢሄዱ የመንደሩ ወፍጮ መባሌ ይቀራል። ችግሩ ይህን ሲያዩ ብልጦቹ መላ ያመጣሉ። ነጋዴው አምስት ልጆቹን ለየብቻ ይልካል። አምስት ጆንያ፣ አምስት ባለቤት!

እኔ፦ (ከወንበሬ ተነሣሁ።) ጋሼ፣ ይህን ነገር ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች ጽፈውበታል! ጁዲ ኬይና ፒርስ ላውደር፣ እ.ኤ.አ. በ1988። ያን ጊዜ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰው ነበር የሚጋራው፤ ማሽኑ የሚያካፍለው ለፕሮግራሞቹ ስለነበር አሥር ፕሮግራም የከፈተ ሰው አንድ ከከፈተው አሥር እጥፍ ያገኛል። እነሱ «ድርሻው ለሰውየው ይሁን፤ የፈለገውን ያህል ፕሮግራም ቢከፍት የራሱን ድርሻ ነው የሚሸነሽነው» አሉ።

አጎቴ፦ በቤተሰብ ቁጠሩ አሉ። ትክክል። እኔ ልጆቹን በመልካቸው ነው የማውቃቸው፤ ያባታቸውን አፍንጫ ይዘው ነው የሚመጡት።

እኔ፦ ሌላም አለው። ትናንት ብዙ የተጠቀመ ዛሬ ወደ ኋላ ይላል። ግን የትናንቱ ለዘላለም አይቆጠርበትም፤ በየጊዜው በግማሽ እየቀነሰ ይረሳለታል።

አጎቴ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ወፍጮ ቤት ቂም መያዝ አይሆንም። (ቆየና) ሁሉን ነገር ፈረንጅ ጽፎታል ማለት ነው?

እኔ፦ ጽፎ ደግሞ ይቀይረዋል። ሊኑክስ ውስጡ ለፕሮግራሞች ጊዜ የሚያካፍል ክፍል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ ሠሩና «ፍጹም ፍትሐዊ» ብለው ሰየሙት። ጥቂት የሠራውን አስቀድም ነው ሕጉ። በ2023 በሌላ ተኩት።

አጎቴ፦ ፍጹም ፍትሐዊውን በአሥራ ስድስት ዓመቱ?

እኔ፦ አዎ። ድርሻውን በእኩል ያካፍል ነበር፤ የሚቸኩልን ለማስቀደም ግን አይመችም ነበር።

አጎቴ፦ አየሽ ሠርጉን ረስተውት! እሑድ ሠርግ ያለው ሰው ዐርብ አምስት ኩንታል ይዞ ከመጣ፣ ሁሉም ጆንያውን ስቦ ያሳልፈዋል። የምን ሕግ ነው? ሰው ዱቄት አጥቶ ይፈር?

እኔ፦ በእኛ ሁሉም ሰው ሠርግ አለኝ ይላል። «ነገ ቨርዥን ላወጣ ነው»፣ «የደኅንነት ቀዳዳ ነው» ይልሃል። በምን ታረጋግጣለህ?

አጎቴ፦ ሠርጉ ላይ እጠራለኋ! ሳልጠራ ሰኞ ሲመጣ እንተያያለን።

እኔ፦ አንተ ጎረቤት ስላለህ ነው። እኔ የምሰለፈው አንድም ቀን ካላየሁት ሰው ጋር ነው፤ አንዱ ብራዚል፣ አንዱ ፖላንድ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ከሠርጉም ከቁናውም የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ሌላ ወፍጮ አለህ ወይ?»። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ቢሮው ላብ ያለው፣ የበጎ ፈቃደኛውን ማሽን ለምን ይይዛል? እሱ ቢዘገይ ወደ ቢሮው ይዞራል። እኔ ብዘገይ የምዞርበት የለኝም። ሁለታችንንም በእኩል አሰልፈህ ፍትሕ ነው ብትለኝ አልቀበልህም።

አጎቴ፦ ሁሉም «የለኝም» ቢልሽስ?

እኔ፦ ይበል። ብቻ በአደባባይ ይበለው፣ በስሙ። እኛ ቤት ሥራው ሁሉ በግልጽ ስለሚታይ ማን የት እንደሚሠራ ውሎ አድሮ ይታወቃል።

አጎቴ፦ ይሄ የሠርጉ ጥሪ ነው እንግዲህ፤ ያው ነገር ነው ያልሽኝ።

(መልስ አልነበረኝም። ሻዬን ጠጣሁ።)

አጎቴ፦ መብራት ሲሄድስ? ይሄ የከተማችን ትልቁ ጥያቄ ነው።

እኔ፦ እዚያ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። አንዳንዱ ቦታ ማሽን ስትይዝ ጊዜ ይሰጥሃል፤ ከተወሰነ ደቂቃ በላይ ዝም ካልክ ሥራ የፈታህ መስሎት ይለቅብሃል። ለባዶ ጆንያው መድኃኒት ነው፣ ትክክል ነው። ግን እዚህ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፣ እኔ ዝም እላለሁ። መብራቱ ሲመጣ ተራዬ ለሌላ ተሰጥቷል። ሥራ ፈት አልነበርኩም፤ ጨለማ ውስጥ ነበርኩ።

አጎቴ፦ እኔ ጋ መብራት ሲሄድ ግማሹ የተፈጨ ጆንያ እዚያው አፉ ላይ ይቆያል። ሲመጣ ከእሱ ነው የሚጀመረው፤ ማንም «አልፎሃል» አይለውም። ለምን ብትይ፣ መብራቱ የሄደው በሁላችንም ነዋ።

እኔ፦ እሱ ነው! እዚያ ግን የሚሄደው በእኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ማየት ያለባቸው ሰውየው አለ ወይ የሚለውን ሳይሆን ሥራው እየሄደ ነው ወይ የሚለውን ነው። ቲመክስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መስመሬ ቢቋረጥም ሙከራዬ ማሽኑ ላይ ይቀጥላል፣ ስመለስ አገኘዋለሁ። እሱን ቆጥረው ቢያዩልኝ በቂ ነው። ጆንያዬ ሙሉ ነው።

አጎቴ፦ ኔትወርኩ ተሽሏል ስትዪኝ አልነበር?

እኔ፦ ተሽሏል። ሳፋሪኮም አገር ሲገባ መጀመሪያ ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬ አይደል? ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ከኛ በኋላ ነው የደረሳት።

አጎቴ፦ እኛም የመሞከሪያ ማሽን ነበርና እኮ! ተራ ስንይዝ ግን ማንም አላየንም።

ሳቅን። ከዚያ ወደ ገንዘቡ ሄድን፤ አጎቴ ወፍጮ ሲባል የናፍጣውን ዋጋ ሳይጠይቅ አያልፍም። ነገርኩት። ፍሪዴስክቶፕ የሚባለው፣ የሊኑክስ ስክሪን ላይ የምናየው ነገር አብዛኛው የሚሠራበት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሙከራና የማከማቻ ወጪው በዓመት 75,000 ዶላር አካባቢ ሊደርስ መሆኑን አይቶ ደንግጦ ነበር። ለዓመታት ማሽን በነፃ የሰጠው ኢኩዊኒክስ ደግሞ በ2025 ስጦታውን ሲያቆም እቃውን ጠቅልሎ ሌላ ቤት ፈለገ። በዚያው ዓመት ለብዙ ፕሮጀክቶች ማሽን የሚያስተናግደው የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኦፕን ሶርስ ላብ 250,000 ዶላር ካላገኘ ሊዘጋ እንደሚችል ተናገረ። ገንዘቡ ተገኘለት። ሌቦችም ነበሩ፤ በነፃ የተሰጠውን የሙከራ ጊዜ ክሪፕቶ ሲያመርቱበት፣ ትራቪስ ሲአይ የሚባለው ድርጅት በ2020 መጨረሻ በሩን አጠበበ፤ ባለ ቁናዎቹም አብረው ተጨናነቁ። አፓቺ ፋውንዴሽን በ2024 ጣራ አስቀመጠ፤ አንድ ፕሮጀክት በአማካይ ሙሉ ሳምንት ሳይቆሙ ከሚሠሩ 25 ማሽኖች በላይ እንዳይጠቀም አለ።

አጎቴ፦ ጣራው ጥሩ ነው። ግን ጣራ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ማን አላችሁ?

እኔ፦ ማንም። አራታችንም እኩል ነን።

አጎቴ፦ አራታችሁም እኩል ናችሁ፣ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰሜን አገር የመስኖ ውሃ የሚያካፍል «የውሃ አባት» ይመረጣል፤ ትግራይ «አቦ ማይ» ይሉታል። ገበሬ ነው፣ ከመካከላቸው። የራሱም ማሳ አለው፤ ውሃውን ወደ ራሱ ቢያዞር ሁሉም ያየዋል።

እኔ፦ እኔ ደግሞ ያሰብኩት የታክሲውን ተራ አስከባሪ ነበር።

አጎቴ፦ ተራ አስከባሪ ይበላል። ውሃ አባት ይሻላል።

እኔ፦ እንግዲያው አንተ ያዝልን። ስልኮቹም ቦርዷም አንተ ጋ ይቀመጡ። ኪቦርድ አትሠራም፣ ከማናችንም ጋር አልተጣላህም፣ ቀን አትተኛም።

አጎቴ፦ ማሳ የለኝማ! አሁን ምን አልኩሽ? ማሳ የሌለው ውሃ አባት የማንንም ጥም አያውቅም። (ግን ተነሣ። ከቤት የድሮውን የወፍጮ ቤት ደብተር ይዞ መጣ፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ባዶ ነበሩ። መነጽሩን አደረገ።) ለዛሬ ብቻ ልጻፍልሽ። ትንሿ ስልክ?

እኔ፦ ልጁ ጋ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ።

አጎቴ፦ ሁለተኛው?

እኔ፦ ስክሪኑ ተሰብሮ አሸዋ ያለ ጠጋኝ ጋ ነው።

አጎቴ፦ ሦስተኛው?

እኔ፦ ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋ ልጅ ጋ። ትናንት ስትሞክርበት ነበር።

አጎቴ፦ ቦርዷስ? መዳፍ የምታክለው?

እኔ፦ …እኔ ጋ ናት።

አጎቴ፦ ከመቼ ወዲህ?

እኔ፦ ከጥምቀት።

አጎቴ፦ ግንቦት ነው እኮ። ምን እየፈጨችልሽ ነው?

እኔ፦ ቻርጀሯን ለስልኬ ወስጄው… ያኛው ተቃጥሎብኝ ነበር።

እየሞነጫጨረ ሳይሆን እያሳመረ፣ እንደ ወፍጮ ቤቱ ዘመን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈ። ደብተሩን አዙሮ ሰጠኝ። ከልጁ ስም ትይዩ «ሦስት ሳምንት» ይላል። ከእኔ ትይዩ «ከጥምቀት ጀምሮ» ይላል፤ በስተመጨረሻው ዓምድ፣ ድሮ «ኩንታል» ይጻፍበት የነበረው ቦታ ላይ፣ «ባዶ ጆንያ» ብሎበታል።

አጎቴ፦ ፈርሚ።